ደጅ ላይ የሚሠራ ስልክ

«ሆን ብላ ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ ሲደወልለት የማይጮህ ስልክ የለም» አለ ታላቅ ወንድሟ። ልብስ ሰፊዋ የሻይ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ደርሳ ነበር፤ እግሯ እዚያው ቀረ። ታላቅ እህቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሷ ስፌቷ ላይ ከተቀመጠች ቤት ቢቃጠልም አትሰማም» ስትል ሰማች። እህትየው ስታንሾካሹክ ሰፈር የሚሰማት ሴት ናት፤ ጮክ ብላ ብትናገር ይሻላት ነበር። ይሄስ ባልከፋ፣ ተረብ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ወንድምየው ግን አላበቃም። «ምን ይታወቃል? እማዬ ካላየች የዚህ ቤት አዛዥ እሷ ናት። የእማዬ ዓይን ሲበራ ሥልጣኗ ያበቃል» አለ። እናትየው እዚያው ሶፋ ላይ በልጆቿ መሀል ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊዋ የእናቷን ድምፅ ጠበቀች፤ «ኧረ ተው፣ ነውር ነው» የምትል አንዲት ቃል። እናትየው ጉሮሮዋን ጠረገችና ውኃ እንዲያቀብሏት ጠየቀች።

መቼም ንዴቱ ለምን እንደመጣ አይጠፋኝም፤ ነገሩ ማንንም ያናድዳል። የእናትየውን ሁለት ዓይን የሞራ ግርዶሽ ጋርዶታል። ሰው የምትለየው በአረማመዱና በአሳሳሉ ነው፤ ብርሃንና ጥላ ካልሆነ የሚታያት የለም። እዚህ ያሉት ሐኪሞች የእሷ አስቸጋሪ ነው ብለው ቢላ ለማንሳት አልደፈሩም። ከሌላ አገር የሚመጡ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን እንደሚሠሩ ተነገራትና ተመዘገበች። መጡም። ተራው የደረሰውን በስልክ ይጠራሉ፣ ስልክ ያላነሳውን ያልፋሉ፤ ከኋላ የሚጠብቀው ብዙ ነዋ። የተመዘገበው የልብስ ሰፊዋ ቁጥር ነበር። የእናትየው ተራ ሲደርስ ደወሉ፣ ደገሙ፣ ሰለሱ። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ከቤት አልወጣችም፤ የሰው የሙሽራ ልብስ ይዛ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ነው የዋለችው፣ ስልኩም አጠገቧ ነበር። ትንፍሽ አላለም። ተራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ወንድምየው ለቀዶ ጥገናው ብሎ ፈቃድ ወስዶ ባሕር ተሻግሮ ሲደርስ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ሄደዋል፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚነግረው ሰው አላገኘም። «ደውለን ደውለን አጣናት» አሉት የሆስፒታሉ ሠራተኞች። ይህን ሰምቶ ቤት ሲገባ «ጋሼ ሙት፣ ስልኬ አልጮኸም» አለችው። «እሺ» አላት። እንዲህ ያለ እሺ ከስድብ ይከፋል።

አሁን ደግሞ ወስነዋል። ከሰዓት በኋላ እናትየው ጓዟን ይዛ ወደ ታላቅ እህት ቤት ትሄዳለች፤ «ስልክ የሚያነሳ ሰው ካለበት» ነው የተባለው። ልብስ ሰፊዋ ትዳር አልያዘችም፣ ልጅ የላትም። ከእናቷ ጋር በአንድ ክፍል ይተኛሉ፤ ፀጉሯን የምታበጥረው፣ መድኃኒቷን ዓይኗ ውስጥ የምታንጠባጥበው፣ የልብሷን ቀለም እየነገረች የምታለብሳት እሷ ናት። ሰው አብሮ ከኖረ ይለማመዳል ብላችሁ እንዳታቃልሉት። እናቷ ከሄደች ያ ቤት ለእሷ የስፌት መኪና የተቀመጠበት አዳራሽ ነው። ከዚያም በላይ፣ እናቷን ያሳወረች ልጅ ተብላ ልትቀር ነው። ያ ስም አንዴ ከተለጠፈ በሳሙና አይለቅም።

ትሪውን ይዛ ልትገባ ስትል ጠረጴዛው ላይ የነበረው፣ ከአገር ሳይወጣ የገዛው የወንድሟ አሮጌ ስልክ ጮኸ። «ሄሎ» አለ፣ ካለበት ሳይነሳ፣ እግሩን እንዳነባበረ። ጥርት ብሎ ይሰማዋል፤ ከማዶ ያለውም ሰው ይሰማዋል። ልብስ ሰፊዋ ትሪውን አስቀመጠችና የራሷን ስልክ ከስፌት መኪናው አጠገብ አነሳች። የኔትወርኩ ምልክት ባዶ ነው። ይሄ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ስልኩ ከመጣ ወዲህ ለመደወል ግቢ ወጥታ አጥሩ ጥግ መቆም ልማዷ ሆኗል። ስልኩን የላከላት እሱ ራሱ ነው፤ መዳፍ የማይበቃው፣ ጀርባው ላይ ዓይኑ የበዛ፣ ሲያዩት የሚያሳሳ። እሷ በድሮው ስልኳ ደስተኛ ነበረች። እናቷ ናት «ወንድምሽ ልኮልሽ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ? ቢሰማ ምን ይላል?» ብላ የነዘነዘቻት፤ ሲሙን አዛወረች፣ አሮጌውን ለጎረቤት ሰጠች። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ የረገመችው ኔትወርኩን ነው። ኔትወርክ መርገም መቼም ሰው ሁሉ ያውቅበታል፤ ጠንቋይ እንኳ እንዲያ አይረገምም። ዛሬ ግን የወንድሟ ስልክ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ግድግዳ ውስጥ እየሠራ ነው። ኔትወርኩ ለእሱ አድልቶ ነው እንዳትል፣ ኔትወርክ ታላቅና ታናሽ አያውቅም። ሻዩን ቀድታ «ክር አልቆብኛል፣ ገዝቼ ልምጣ» ብላ ወጣች።

ቤታቸው ከተማው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ የሚፈለጥበት ጉድጓድና ባዶ ሜዳ ነው ያለው። አውቶቡሱ ወደ መሀል ሲገባ ስልኩ ነፍስ ዘራ፣ ምልክቶቹ አንድ በአንድ ሞሉ። ከተማ የለመደ እንግዳ ይመስል እዚያ ሲደርስ ፊቱ በራ። ሞባይል ጥገና የሚሠሩት በአንድ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ተደርድረው ነው፤ እያንዳንዷ ሱቅ ከቁም ሳጥን ብዙም አትሰፋም፣ ከላይ ሽፋንና ገመድ ተንጠልጥሎ ራስ ይመታል። ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወጣቶች አለፈቻቸው፤ ገና ሳያዩት «ስክሪኑ ነው» አሏት። ሦስተኛዋ ጠና ያለች ሴት ናት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሌላ መነጽር ዓይኗ ላይ አድርጋለች። ስልኩን ተቀበለች፣ ገልበጥ አድርጋ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፈለገች፣ በራሷ ስልክ ላይ ጽፋ አየችና «እሰይ! መጣልሽ ሌላው ከውጭ የመጣ» አለች፣ ለእሷ ይሁን ለጎረቤት ሱቅ ሳይታወቅ።

«ተበላሽቷል?»

«እሱማ ደህና ነው። ከእኔና ካንቺ ይበልጣል ጤናው። የተሠራው ግን ለሌላ አገር ሰው ነው። ቤትሽ የት ነው?» ልብስ ሰፊዋ ነገረቻት። ጠጋኟ የወንበሯን ፊት አዞረች። «ስሚኝ የእኔ እህት። ስልክ የሚነጋገረው በሞገድ ነው። ሞገዱ ብዙ ዓይነት ነው፤ ከፍ ያለ አለ፣ ዝቅ ያለ አለ። እያንዳንዱ አገር የራሱን መርጦ ይጠቀማል፣ ስልክ የሚሠሩትም ለሚሸጡበት አገር የሚሆነውን ነው የሚከቱበት። ጎረቤትሽ ሙዚቃ ጮክ አድርጎ ሲከፍት በግድግዳው አልፎ የሚመጣብሽ የቱ ነው? ዘፋኙ ነው ወይስ ድም ድም የሚለው?»

«ድም ድሙ።»

«በቃ። ዝቅ ያለው እንደዚያ ነው፤ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳ ያልፋል። ከፍ ያለው ቅርብ ነው የሚቀረው። እዚህ መሀል ከተማ ሁለቱም አለ፣ ለዚህ ነው አሁን የሚሠራልሽ። እናንተ ሰፈር የኔትወርኩ ማማ ሩቅ ነው፣ ቤት ድረስ ገብቶ የሚደርሳችሁ ዝቅ ያለው ብቻ ነው። የእኛ አገር የሚጠቀምበትን ያንን ዝቅተኛ ደግሞ ይሄ ስልክ አያውቀውም። ጆሮ አልተፈጠረለትም። ደጅ ስትወጪ ከከፍተኛው ትንሽ ቁራጭ ያገኛል፣ ቤት ስትገቢ እሱም ይቀራል።»

«ፕሮግራም ቢጫንለትስ?»

«ፕሮግራም ጆሮ አያበቅልም። ውስጡ ያለው ዕቃ ነው።» ጠጋኟ ስልኩን በጨርቅ ወልውላ መለሰችላት። «ሰው ሁሉ ከውጭ የመጣ ከሆነ ይበልጣል ብሎ ያምናል። እኔ ስናገር ደግሞ ምቀኛ እባላለሁ። ገንዘብሽን ያዥ፣ ያልጠገንኩትን አላስከፍልም።»

ልብስ ሰፊዋ ለመሄድ ተነሳችና ተመለሰች። «ሲደወልልኝ የነበረው ግን… ከተማ ስገባ እንኳ ለምን አልታየኝም?»

«ያልገባ ጥሪ የት ይመዘገባል? በርሽን ሳያንኳኳ የተመለሰ እንግዳ ማን ነበር ብለሽ ትጠይቂያለሽ? ካላመንሽኝ ቤትሽ ገብተሽ መሀል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው፣ አጠገብሽ ያለ ሰው ይደውልልሽ።»

ወደ ቤት የሚወስደው አውቶቡስ ላይ መስኮት ጋ ተቀምጣ አለቀሰች። ደስታ ነው ወይስ ንዴት ራሷም አላወቀችውም፤ ብቻ ከትናንት ጀምሮ እንደ ድንጋይ የተጫናት ነገር ተነሳላት። አላጠፋችም። ከስፌቷ ጫጫታ የተነሳ የእናቷ ተራ አላመለጣትም። ወዲያው ግን ሌላው መጣ። ይሄን እንዴት አድርጋ ነው የምትናገረው? «ጋሼ፣ የእማዬን ዓይን ያስቀረው የአንተ ስጦታ ነው» ተብሎ እንዴት ይነገራል? ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ስልኩን ሲመርጥ ደስ ይበላት ብሎ ነው፣ ያውም ለራሱ ከያዘው የተሻለውን። ተበላሽቶ ነው ልበላቸው ይሆን ብላ አሰበች። ከዚያ ያ «ሥልጣን» የሚለው ቃል ትዝ አላትና ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እውነቱን በለሰለሰ አፍ እናገራለሁ ብላ ወሰነች፤ እናቴን ግን አልሰጥም።

ስትደርስ ሻንጣው በር ላይ ቆሟል። እህቷ ናት የሸከፈችው፤ የሌሊት ልብሶቹን ትታ እናትየው ከለበሰችው ዘመን ያለፈ ኮት ጨምራበታለች። ዓይን ውስጥ የሚንጠባጠበው መድኃኒት መስኮቱ ላይ እንደተረሳ ነው። ወንድምየው ጫማውን አጥልቆ ታክሲ ሊጠራ ነው። እናትየው ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ፊቷን ወደ በሩ ብርሃን አድርጋ ተቀምጣለች። «ሚጢዬ መጣሽ? ክሩን አገኘሽ?» አለች፣ በአረማመዷ አውቃት። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አውጥታ ጠረጴዛው መሀል ላይ አስቀመጠችው፣ መብራቱንም አበራችው።

«ጋሼ፣ በእኔ ቁጥር ደውል።»

«ምን?»

«አሁን፣ እዚሁ ሆነህ። ለሁሉም እንዲሰማ አድርገህ ደውል።»

ወንድምየው እህቱን አየ፣ እህትየው ትከሻዋን ነቀነቀች። ደወለ። ሁሉም ጠረጴዛው ላይ የሚያበራውን ስልክ ያያሉ። ስልኩ አልጮኸም፤ ምንም የማይሞቃት የማይበርዳት የሴት ድምፅ፣ የደወሉላቸው ሰው በአሁኑ ሰዓት ሊገኙ እንደማይችሉ ተናገረች። ወንድምየው ዘግቶ ቁጥሩን አንድ በአንድ አረጋገጠ፣ ደገመ። ሴትዮዋም ደገመች። ሰፊዋና ስልኩ ግን እነሆ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ናቸው። ያኔ ልብስ ሰፊዋ ጠጋኟ የነገረቻትን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ስለ ሞገዱ፣ ስለ ግድግዳው፣ ለሌላ አገር ስለመሠራቱ። ድምፅዋ እንዳሰበችው ለስላሳ ነበር፤ «አንተ አውቀህ አይደለም፣ ማንም አያውቀውም» እያለች ነው የጨረሰችው። ወንድምየው ስልኩን አንስቶ ገለባበጠው። የጆሮው ጫፍ ሳይቀር ቀላ።

«ሻጩ የትም አገር ይሠራል ብሎኝ ነበር» አለ። «የትም አገር ነው ያለኝ።»

እህትየው የምታየው አጥታ ወለሉን ታያለች። እናትየውን ዝምታው አስጨነቃት፤ እጇን ዘርግታ የልጇን ጉልበት ዳበሰችና አገኘችው። «ኧረ ምን ሆነሃል የእኔ ጌታ? ሰው በስልክ ይከፋል? ስልኩ ደህና ነው። ደጅ ስትወጣ ይሠራል እኮ። ቤት ውስጥ ስትሆን ብቻ ነው እምቢ የሚለው፤ እኔስ ከጎረቤት ሆኜ ስደውልላት መቼ ገብቶ ያውቃል?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ እናቷ ዞረች። ነገሩ የገባት ቀስ ብሎ ነው።

«መቼ ደወልሽልኝ እማዬ?»

«አንዳንዴ። እነሱ ቤት ተቀምጬ መጥተሽ እንድትወስጂኝ ስፈልግ፣ ልጃቸው ትደውልልኛለች። አትገኝም ይላል። ከዚያ እሷው እጄን ይዛ ታመጣኛለች።»

«ስልኩ ከመጣ ጀምሮ?»

«እንግዲህ… አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ልጄ ከስንት አገር፣ ላቡን አፍስሶ ልኮ፣ አይሠራም ልበለው? ላንቺ ብነግርሽ ደግሞ አፍሽ አያርፍም፣ ትነግሪዋለሽ።»

«ሆስፒታሉ የሚደውለው በዚህ ቁጥር እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«ደጅ ስትወጪ ይደውሉ ይሆናል ብዬ ነዋ። እግዜር ያገጣጥመዋል ብዬ። ለራሴ ዓይን አይደል እንዴ የፈረድኩት? በሰው ዓይን አልፈረድኩም።» ይህን ስትል ፈገግ አለች፤ ቀልድ መስሏታል።

«እሺ ጠዋትስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ጠዋት እነሱ ስለ እኔ ያሉትን ሰምተሻል። እዚያው ነበርሽ። እኔም በር ላይ ነበርኩ።»

ወንድምየው ራሱን ያዘ። እናትየው ግን አላፈረችም፤ እንዲያውም ልጇን የምታመሰግን ያህል ድምፅዋን አለሰለሰች። «ሰምቻለሁ። እሱ እንግዳ ነው ልጄ፣ የሁለት ቀን ሰው ነው። ከፍቶት ከሄደ መቼ ይመለሳል? እኔስ ዳግመኛ ድምፁን መቼ እሰማለሁ? አንቺ ግን ትችያለሽ። አንቺ ቢከፋሽም እዚሁ ነሽ፤ የትም አትሄጂብኝም።»

ወንድምየው ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ መልሶ ተነሳ። በመጨረሻ ታናሽ እህቱ ፊት ቆሞ «ሚጢዬ፣ አፌን ይቁረጠው። ይቅር በይኝ» አለ። ከልቡ ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «በቃ፣ ነገሩ ታወቀ። እማዬ እዚሁ ካንቺ ጋር ትሁን፤ ማንም አይነካችሁም። ሐኪሞቹንም እኔ አፈላልጋለሁ።» እህትየውም ፈጠን ብላ ሻንጣውን ከበሩ ወደ ውስጥ መጎተት ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ ከጠዋት ጀምሮ በአውቶቡስ የተንከራተተችለት፣ ያለቀሰችለት፣ ያገኘችው ይኸው ነው። ሁሉም በእጇ ገባ። ሻንጣውን ከእህቷ እጅ ወሰደች።

«አይ» አለች። «እታለም፣ አንቺ ጋ ትሂድ።»

«እንዴ! ምን ሆንሽ? ይቅርታ ጠየቀሽ አይደል?»

«እሱን ይቅር ብዬዋለሁ። እሱ አላወቀም።» ሻንጣውን መሬት ላይ ከፍታ ተንበረከከች። ኮቱን አወጣች፣ የሌሊት ልብሶቹን ከመሳቢያ አምጥታ አጣጥፋ ከተተች፣ የዓይን መድኃኒቱን በካልሲ ጠቅልላ ጎኑ ላይ ወሸቀችው። እህቷን ሳታይ ትናገራለች፤ መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ ነው፣ ግራዋ ይቀድማል፤ መታጠቢያ ቤት ስትገባ በሩን አትዝጉባት፣ ትፈራለች፤ ዕቃ ካለበት አታንቀሳቅሱ፣ የምትሄደው በልምድ ነው። እህትየው «እሺ፣ እሺ» ትላለች፣ በዚህኛው እሺዋ ውስጥ ፍርሃት አለ። እናትየው ወሬው ስለ እሷ እንደሆነ የተረዳችው አሁን ገና ይመስላል። ከሶፋው ልትነሳ ሞከረች፣ እጇ አየር ላይ ሰው ይፈልጋል።

«ሚጢዬ… ሚጢዬ፣ የት ነሽ?»

«እዚህ ነኝ።» ልብስ ሰፊዋ ተነስታ መጣች፣ እናቷን ደግፋ አቆመቻት። ሹራቧን ከትከሻዋ አንስታ ክንዷን አንድ በአንድ አስገባችላት። እናትየው በመዳፏ የልጇን ፊት ዳበሰች፣ ጉንጯ ጋ ስትደርስ እርጥብ ሆኖ አገኘችው።

«ተቀየምሽኝ እንዴ ልጄ?»

«አዎ እማዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «በጣም ተቀይሜሻለሁ።» ጎንበስ ብላም የሹራቡን ቁልፎች ከሥር ወደ ላይ መቆለፍ ጀመረች፤ ውጪ ነፋስ ነበር።